ከቺፑዱ ወዲያ

መጋቢት 5፣ ረቡዕ

ይህን ደብተር የገዛልኝ ሾፌሬ ነው። ሾፌሬ የምለው ባሌን ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል እንጂ እኔን እንኳ በወጉ የትም ወስዶኝ አያውቅም። "የምትፈልጊውን ቤት እዚህ ላይ ጻፊው፤ በየቀኑ ከምትቀያይሪብኝ" አለኝ። እኔ መቼ ነው የምቀያይረው? ትናንት ያልኩትን ዛሬ ማሻሻል መቀያየር አይባልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሾፌሬ በአውቶቡስ ድርጅቱ ሠራተኞች የቤት ማኅበር ስሙን ያስመዘገበው ጥቁር ፀጉር በነበረው ጊዜ ነው። አሁን ከሸበተ በኋላ ቦታ ደረሰው። ከተማው ዳር ነው፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ ጎረቤት የሚባል ነገር የለም። ዛሬ ተያይዘን ግንበኛው ቢሮ ሄድን። "እኔ ቤት አልደግምም" አለን። "ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ ነው የምሠራው።" ይሄኔ ወደድኩት። እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሥራችን አንድ ነው ማለት ነው።

ለምንም ነገር መልሱ "ችግር የለም" ነው። መስኮቱ ወደዚህ ይሁን? ችግር የለም። ሰፊ የስፌት ክፍል እፈልጋለሁ? ችግር የለም። ስሙን ችግር የለም ብዬዋለሁ።

ውሉን የምንፈራረመው ግንቦት 4 ነው። ከዚያ ካለፈ ሰኔ ይገባል፣ ሰኔ ከገባ በዝናብ መሠረት አይቆፈርም፤ ደግሞ አንድ ሐኪም የራሱን ቤት እንዲሠራለት ግንበኛውን እጁን ይዞ እየጎተተው ነው አሉ። ሾፌሬ ይህን ሲሰማ ቆቡን አውልቆ አናቱን ጠረገ።

ለእታለም ገና አልነገርኳትም። እታለም ታላቅ እህቴ ናት። አባታችን የተወልንን ቤት መሃል ለመሃል በስስ የቺፑድ ግድግዳ ከፍለን፣ እሷ በዚያ እኛ በዚህ እንኖራለን። እሷ ስታስነጥስ ይማርሽ የምለው እኔ ነኝ። ዕድሜዋን ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ሆና የሰው ወሬ ስታገናኝ ኖራ ጡረታ ወጥታለች፤ ጆሮዋ ግን አብሯት አልወጣም። ስለዚህ አልነገርኳትም ስል፣ ያው በአፌ አልነገርኳትም።

አብረሽን ነይ እንዳልላት፣ ባሏ የሞተ ጊዜ "እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው" ብላ ጨርሳዋለች። እታለም አንድ ነገር ካለች አለች ነው።

መጋቢት 8፣ ቅዳሜ

ለማነጻጸሪያ ያህል ያለንበትን ቤት በልብስ ሜትሬ ለካሁት። ለማነጻጸሪያ ብቻ። ከወዲያ በኩል ሬዲዮው ቀነሰ። እታለም ሬዲዮ የምትቀንሰው ለማዳመጥ ሲሆን ነው።

ልኩን በስልክ ለችግር የለም ሰጠሁት። ትልቅ ይሁን፣ ግን አንዳንዱ ነገር እንዳለ ቢሆን አይከፋም አልኩት። ችግር የለም አለ።

መጋቢት 14፣ ዓርብ

ሥራ በዝቶብኛል። ያቺ ሙሽራ ዛሬም መጣች። እጅጌው ይጠር አለች፤ ያለፈው ሳምንት ያስረዘመችው እጅጌ ነው። ጨጓራዬን ላጠችው። ምን እንደምትፈልግ የማታውቅ ሰው ልብስ ሰፊ ዘንድ ባትመጣ ምን አለ?

ችግር የለም ጋ መደወል አለብኝ። ጓዳው በግራ ይሁን።

መጋቢት 19፣ ረቡዕ

የመጀመሪያውን ፕላን አየን። ችግር የለም ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

"እመቤቴ፣ ልኩን እንዴት ነው የወሰዱት?"

"እንደማንኛውም ልክ ነዋ።"

"ቤቱ አላርፍ አለኝ። በዚህ በኩል አጥሩን አልፎ መንገድ ላይ ወጣ፤ በዚያ በኩል ደግሞ ገና ያልመጣው ጎረቤት ሳሎን ውስጥ ገባ።"

ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። በየክፍሉ፣ በየጎኑ፣ ለስፌት የሚተርፈውን ጨምሬያለሁ። እጄ ለምዶበት ነው። ጨርቅ በልኩ ከቆረጡት በኋላ ሰው ቢወፍር ምን ይለቀቃል? "ወደፊት ብንወፍርስ ብዬ ነው" አልኩት። ሾፌሬ ወደ መስኮቱ ዞሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እስከ ቤት ድረስ ሲስቅ መጣ። ማታ ራት ላይ ሁሉ "ለስፌት የሚተርፍ" ብሎ ዳቦውን በሰፊው ቆረሰ።

ከቺፑዱ ወዲያም አንድ ሰው ሳቁን ሲያፍን ሰማሁ።

መጋቢት 23፣ እሁድ

ጨርቅ እየቆረጥኩ ነበር። ማዳመጤ አይደለም፤ መቀስ ድምፅ ስለሌለው ነው የሰማሁት። እታለም ለድሮ የሥራ ጓደኛዋ ደውላለች።

"ይሄዳሉ" አለች። "ኧረ እኔ ምን ሆኜ። ደስ ብሎኛል እንጂ። ጠቧቸው ኖሯል፣ ይስፋቸው።" ጓደኛዋ የሆነ ነገር አለቻት መሰል። "አይ፣ ድምፄ እንዲህ የሆነው ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው።"

የሽንኩርት ሽታ አልመጣም። እታለም ሽንኩርት ስትከትፍ ከዚህ በኩል የማለቅሰው እኔ ነኝ።

ደስ ካላት እሰየው። አንድ እጅጌ አበላሸሁ። ሰሞኑን እንቅልፍ አጥሮኛል፣ እሱ ይሆናል።

ሚያዝያ 2፣ ማክሰኞ

ያሻሻልኳቸው። የመግቢያው ደረጃ የመጨረሻው ከሌሎቹ ከፍ ይበል፤ ሰው መድረሱ እንዲታወቀው። የበሩ ጉበን ከላይ ዝቅ ይበል፤ ብርድ እንዳይገባ። የጓዳው በር ሲከፈት ቁም ሳጥኑን ይንካ፤ ሰው በኃይል እንዳይበረግደው።

ችግር የለም በስልክ "ችግር የለም" አለ፣ ግን ከማለቱ በፊት ተነፈሰ።

ሚያዝያ 10፣ ረቡዕ

ውሉ ምስክር ያስፈልገዋል። ችግር የለም የራሱን ይዞ ይመጣል፤ እኛ ደግሞ የኛን። ከእታለም ሌላ ማንን እላለሁ? በውጭ ዞሬ በሯን አንኳኳሁ። ማን ነው ሳትል "ግቢ ሚጣ" አለች። ሃምሳ ዓመት ልደፍን ነው፣ እሷ ዘንድ ገና ሚጣ ነኝ።

"እታለም፣ እንግዲህ ቤት ልንሠራ ነው።"

"እንዲያ ነው?" አለች፣ ልክ አሁን እንደሰማች ሁሉ። "የት በኩል?"

ነገርኳት። ጓዳው ወደ ቀኝ ነው አልኳት። "ወደ ግራ አላደረግሽውም እንዴ?" ብላ ወዲያው አፏን ያዘች። ሁለታችንም ያልሰማን መሰልን።

ምስክር ሁኚልን ስላት ዙሪያዋን ትዳስስ ጀመር። "መነጽሬ ጠፍቶብኛል። ያላነበብኩት ላይ አልፈርምም።" መነጽሩ ግንባሯ ላይ ነው። ግንባርሽ ላይ ነው ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። "ስታገኚው ንገሪኝ" ብዬ ወጣሁ።

ለምን ተውኩት? ብላት ኖሮ አሁን ምስክር ነበረን። አንዳንዴ ምላሴ ሲፈለግ የለም፣ ሳይፈለግ ግን ቀድሞኝ ይደርሳል።

ሚያዝያ 17፣ ረቡዕ

ዛሬ ችግር የለም ታሪክ ሠራ። "ችግር አለ" አለ።

የጠየቅኩት ብዙ አልነበረም። የስፌት ክፍሌ አንዱ ግድግዳ ከብሎኬት ፋንታ ቺፑድ ይሁን አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

"እመቤቴ፣ ይሄ የውጭ ግድግዳ ነው። ወዲያው ሜዳ ነው። ዝናብ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ሌባ አለ።"

"ቤቱ እንዳይከብድ ብዬ ነው።"

"ቤት ይከብዳል። መክበድ ነው ሥራው።"

"ታዲያ በልካችሁ እሠራለሁ አላልክም?"

"ሰው ሁሉ ግድግዳው ይወፍር፣ የጎረቤት ድምፅ አይግባ ይለኛል" አለ ግራ ተጋብቶ። "ይሳሳልኝ ያለኝ ሰው እርስዎ ነዎት። ምን እንዲገባ ነው የፈለጉት?"

አየር አልኩት። አየር በመስኮት ይገባል አለኝ። እሱም እውነቱን ነው። ቢሆንም እየተነፈሰ ፕላኑ ላይ አስገባው።

ሚያዝያ 20፣ ቅዳሜ

ሾፌሬ አይቆጣም። ሲከፋው መኪና እንደሚያቆም ሰው ቀስ ብሎ ይቀመጥና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። ዛሬ እንዲያ ተቀመጠ።

"ሐኪሙ ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ እየደወለለት ነው" አለ። "ሰውዬው ፕላን በመቀየር ሰልችቶታል። ለኔ ሲል ነው የቆየልን።"

"ትንሽ ነው እኮ የቀረው።"

"እኔ ሰውን ሁሉ በየቤቱ በር ላይ ሳወርድ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን መሪውን ለቅቄ የራሴ በር ላይ ብወርድ ብዬ ነበር።" ቀና ብሎ አየኝ። "ካልፈለግሽው ንገሪኝ። ቦታውን ለማኅበሩ እመልሳለሁ።"

"ማን አልፈለገም? እኔ? ከኔ የበለጠ የሚፈልግ አለ?" ብዬ ጮኽኩበት። ድምፄን ከፍ ማድረጌ የታወቀኝ ከወዲያ ሬዲዮው ጭራሽ ሲጠፋ ነው።

አሳዘነኝ። ምን እንደሆንኩ እኔም አላወቅሁም። ቤቱን እፈልገዋለሁ። ፕላኑን ግን ባየሁት ቁጥር የሆነ ነገር የጎደለ ይመስለኛል፤ ጨምሬ ጨምሬም አልሞላም።

ሚያዝያ 26፣ ዓርብ

ሙሽራዋ ወገቡ ይጥበብ፣ አይ ይስፋ፣ አይ እንደነበረ ይመለስ ስትል ስፒሉን ከአፌ አወጣሁና አስቀመጥኳት። ሰርጓ ግንቦት 5 ነው፣ ቀሚሱ ገና እንደ ቤታችን ፕላን አላለቀም።

"ስሚኝ ልጄ" አልኳት። "ይሄ ቀሚስ ምንም አልሆነም። ማንን ጥለሽ ነው የምትሄጂው?"

ዓይኗ ሞላ። "እናቴ ብቻዋን ናት፣ እትዬ። ሂጂ ሂጂ ትለኛለች። ደስ ብሎኛል ትላለች።"

"ታዲያ ንገሪያት እንጂ። ቀሚሱ ምን አደረገሽ? አንቺ ከፍቶሽ እሷም ከፍቷት፣ ሁለታችሁም ደስ ብሎናል እያላችሁ የኔን ጨርቅ ትጨርሳላችሁ?"

እያለቀሰች ሳቀች። እሺ ብላ ሄደች። የዘመኑ ልጆች ይገርሙኛል፤ አጠገባቸው ያለውን ነገር አያዩትም። እንደኔ ያለ በግልጽ የሚነግራቸው ሰው ባያገኙ ምን ይውጣቸው ነበር?

ከወዲያ እታለም ጉሮሮዋን ጠረገች። ረዘም አድርጋ።

ግንቦት 3፣ ዓርብ

ነገ ነው። ችግር የለም ውሉን ይዞ እኛ ቤት ይመጣል፤ ከሙሽራዋ ቀሚስ ተነስቼ የትም መሄድ አልችልም። ሾፌሬ ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ።

ምስክር የለንም። እታለም መነጽሯን አላገኘችም።

ግንቦት 4፣ ቅዳሜ

ዛሬ ስቄም አልቅሼም ነው የምጽፈው። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሙሽራዋ ቀሚሱን ለብሳ ወንበር ላይ ቆማለች፣ እኔ ከታች ቅምቅማቱን በስፒል እየያዝኩ ነው። ሾፌሬ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ችግር የለም ከነምስክሩ መጣ። ቤታችን ገብቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የምንገናኘው ቢሮው ነው።

ምስክሩ በመጨረሻው ደረጃ ተደናቀፈ። ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ እዚያ ይደናቀፋል። ችግር የለም ግን እግሩን ከፍ አድርጎ አለፈ። ምስክሩ ግንባሩን ከጉበኑ አጋጨ። ችግር የለም ማንም ሳይነግረው ጎንበስ ብሎ ገባ። ገብቶ ቆመ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ይመላለስ ጀመር።

"ውሃ ላምጣላችሁ" አልኩ።

"ይቀመጡ፣ እኔ አመጣለሁ" አለና ወደ ጓዳ ሄደ። የጓዳው በር ቁም ሳጥኑን እንዳይመታ በሌላ እጁ ያዘው። መደርደሪያውን ሳይፈልግ ብርጭቆ አነሳ። ተመለሰና ውሃውን ራሱ ጠጣው።

"ጋሼ" አለ ሾፌሬን፣ "እኔ እዚህ ቤት ገብቼ አላውቅም። ግን መብራት ቢጠፋም አልጠፋም።"

ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሾፌሬ ፕላኑን አየ፣ ቤቱን አየ፣ ፕላኑን አየ። "ሴትዮ" አለኝ፣ "ይሄ እኮ ያለንበት ቤት ነው።"

እኔም አየሁት። ከሌሎቹ ከፍ ያለው ደረጃ፣ ዝቅ ያለው ጉበን፣ ቁም ሳጥኑን የሚመታው በር፣ ዓመቱን ሙሉ የምረግመው ሁሉ አለ። አንድ በአንድ አስመልሼዋለሁ። ኩም አልኩ። ሙሽራዋ ወንበሩ ላይ እንደቆመች እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

ችግር የለም እየዞረ ሄደና ቺፑዱ ጋ ቆመ። በጣቱ መታ መታ አደረገው።

"እሱ ነው" አለ። "የቀጨጨው ግድግዳ። እመቤቴ፣ እባክዎ ይንገሩኝ፣ ሌሊት ሁሉ ሳስበው ነው የከረምኩት። ከዚህ ወዲያ ምንድነው ያለው?"

"እኔ ነኝ" አለ ቺፑዱ።

የችግር የለም ምስክር ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር።

ከዚያ ከወዲያ በር ሲዘጋ፣ እግር በውጭ ሲዞር ሰማን፤ እታለም ገባች። መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋለች። ማንንም ሳታይ ውሉን አነሳችና ቆማ ከላይ እስከ ታች በኦፕሬተር ድምፅዋ አነበበችው። ከዚያ ፕላኑ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ምን አለ?"

"ሜዳ" አለ ችግር የለም።

"ታዲያ ለማን ነው የቀጠነው ሚጣ?"

አፌ ውስጥ ስፒል ነበር። እሱን ማውጣት ጊዜ ሰጠኝ። ሙሽራዋ ከላይ ቁልቁል ታየኛለች፤ ንገሪያት እንጂ የሚል ዓይን ነው፣ የራሴን ምክር ይዛ ጠበቀችኝ። አቤት ያፈርኩት።

"ላንቺ ነው እታለም" አልኩ። "ጠዋት ስትነሺ ካልሰማሁሽ ቀኑ የሚጀምር አይመስለኝም። አንቺ የማትሰሚበት ቤት ውስጥ መኖር አልችልም። አብረሽን ነይ እንዳልልሽ ደግሞ ፈራሁሽ።"

እታለም መነጽሯን አወለቀች። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ዓይኗን ሳይሆን መነጽሯን።

"ይህን ለማለት" አለች፣ "ግንበኛ መቅጠር ነበረብሽ?"

"ከዚህ የምወጣው በቃሬዛ ነው ብለሽ የለ?"

"ቃሬዛው አድራሻ ጠይቆ እዚያም ይመጣል። ምን አስቸኮለው?" አለችና ወደ ችግር የለም ዞረች። "ለኔ የራሴ በር ይኑረኝ። የማንንም ጫማ እያየሁ አልገባም።"

ሾፌሬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንድ ክፍል መጨመር ይቻላል?" አለ። ቺፑዱ አሁን የውስጥ ግድግዳ ሊሆን ነው፤ ዝናብ የለ፣ ሌባ የለ። ችግር የለም ከብዙ ጊዜ በኋላ ፊቱ በራ። "ችግር የለም" አለ። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ክፍሉን ሣለ። ደረጃው ግን እኩል ይሁን አልኩት፤ ጉበኑም ይነሳ። አሁን አያስፈልጉኝም።

እታለም ልትፈርም ብዕር ስታነሳ ምስክርየው ግንባሩን እያሻሸ፣ ቤቱ ውስጥ ክፍል ያለው ሰው ምስክር ባይሆን ይሻላል አለ። ተያየን። ከዚያ ሁላችንም ወደ ላይ አየን። ሙሽራዋ በስፒል ተወጥራ መቀመጥ ስለማትችል ጠረጴዛውን ወደሷ አስጠጋንላት፣ ሾፌሬ ወረቀቱን ያዘላት፣ ቆማ ፈረመች። ሾፌሬ ከሷ ቀጥሎ ሲፈርም ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ወጥቶ ብዙ ቆየ።

ቅምቅማቱ በመጨረሻ ጠመመብኝ። ሙሽራዋ እንዲህ ይሁን፣ አይነካ አለችኝ። ለእናቷ ነግራት አብረው ሲያለቅሱ አድረዋል።

ግንቦት 14፣ ማክሰኞ

መሠረቱ እየተቆፈረ ነው። ሾፌሬ ከሥራ በፊትም ከሥራ በኋላም ሄዶ ጉድጓድ ያያል።

ጠዋት ችግር የለም ደወለልኝ። ድምፁ ደክሟል። "እህትዎ ሦስቴ ደወሉልኝ። ግድግዳው ብሎኬት ይሁን፣ የስፌት መኪናዋ ያስቸግረኛል፣ ማንኮራፋቷንም ችዬ የኖርኩት ይበቃኛል ብለዋል። ምን ላድርግ?"

መልሼ እደውላለሁ አልኩት። ስልኩን ዘጋሁ። ከወዲያ ሬዲዮው ቀነሰ።

ከጨርቄ ቀና ሳልል፣ ድምፄንም ሳላነሳ፣ "ብሎኬት ይሁን ብለሻል አሉ" አልኩ።

ሬዲዮው ጭራሽ ጠፋ።

"እንግዲያው ደውዬ እሺ ልበለዋ።"

ከወዲያ ወንበር ተንቀሳቀሰ። ወደ ቺፑዱ ጠጋ አለ።

"አልሰማሁም" አለች እታለም። ከዚያ፣ "ቺፑድ ይሁን በይው።"